በጅረት ወለል የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳትን በመቁጠር የውኃን ጥራት መከታተል፦ ከሐረር በስተምሥራቅ የሠራነው ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ዘጠኝ ተማሪዎች ጋር በኤረር በር ወጥተን ወደ ሸለቆው ቁልቁል በመጓዝ፣ እስከ ግንቦት የምንከታተላትን ጅረት ከላይ እስከ ታች ተመለከትናት። የጅረቷን ስም በዚህ ማስታወሻ አልጽፍም። ከእርሷ የሚቀዱ፣ ከብት የሚያጠጡና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ፤ ያልተጠናቀቀ ውጤት ከሰፈራቸው ስም ጋር ተያይዞ እንዲወራ አልፈልግም።

ሥራውን ያስጀመረን ሐሳብ ይህ ነው። በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የሚመሰክረው ስለተቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ እኛ ጠዋት እስክንደርስ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ከድንጋይ ሥር ተጣብቆ የሚኖር እጭ ግን በዚያው ቦታ ሳምንታትን፣ አንዳንዱም ወራትን ስለሚያሳልፍ፣ ውኃው በዚያ ጊዜ ሁሉ ምን ይመስል እንደነበር በመኖሩ ወይም በመጥፋቱ ያሳያል። ለቤተ ሙከራ ኬሚካል የሚበቃ ገንዘብ ለሌለው ክበብ ደግሞ መረብ፣ ነጭ ሳፋና ወረንጦ ይበቃሉ።

ሦስት ጣቢያዎችን መረጥን። የላይኛው ጣቢያ ውኃው ከምንጩ ወርዶ እርሻ ሳያገኘው ከሚያልፍበት ድንጋያማ ቦታ ላይ ነው። የመካከለኛው ከጫት ማሳዎችና ከልብስ ማጠቢያው ድንጋይ በታች ነው። የታችኛው ከከተማው የሚወርደው የፍሳሽ ቦይ ከጅረቷ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሦስቱም ቦታ ወለሉ በጠጠርና በጡጫ በሚያህሉ ድንጋዮች የተሸፈነ፣ ውኃውም በድንጋዮቹ ላይ እየተንፏፏ የሚያልፍ እንዲሆን ተጠንቅቀናል፤ አሸዋማ ወለልን ከድንጋያማ ወለል ጋር ማነጻጸር ከመነሻው የተሳሳተ ነውና።

ጥቅምት 9

መረቡን ራሳችን ሠራነው። ብየዳ ቤት ሄደን ወርዱም ቁመቱም 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ክፈፍ አሠራን፤ እጀታው የመጥረጊያ እንጨት ነው። መጀመሪያ የሰፋንበት የአጎበር ጨርቅ ነበር። ነገር ግን በሙከራው ላይ አንዲት ተማሪ የዱቄት ወንፊት ከመረቡ በስተኋላ እንያዝ ብላ አሳሰበች፤ ስንይዝም ከአጎበሩ ያመለጡ ብዙ ጥቃቅን እጮች ወንፊቱ ላይ ተገኙ። በዚያ አጎበር ቀጥለን ቢሆን ኖሮ ትንንሾቹን ቤተሰቦች (ቤተሰብ የምንለው የተቀራረቡ ዝርያዎችን ስብስብ ነው) በሙሉ «የሉም» ብለን በጻፍን ነበር። አጎበሩን ቀድደን፣ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የናይለን መረብ በቦታው ሰፋን።

ከውኃ ከመግባታችን በፊት ስለ ቢልሃርዚያ በሚገባ ተነጋገርን። በአገራችን የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ ጥምዝ ቀንድ አውጣ ነው፤ ቀስ ብሎ በሚሄድና ሣር በበዛበት ውኃ ይኖራል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ተውሳክ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ያላደረገ ተማሪ ዳር ሆኖ መዝጋቢ ይሆናል እንጂ ውኃ አይነካም። ይህን ደንብ አንድ ጊዜም ቢሆን እንዳናላላው ቃል ገብተናል።

ጥቅምት 16

የመጀመሪያው ናሙና ተሰበሰበ። ሥራውን የምንጀምረው ከታችኛው ጣቢያ ሲሆን ወደ ላይ እየወጣን እንጨርሳለን፤ ከላይ ብንጀምር ያደፈረስነው ውኃና የነቀልናቸው እንስሳት ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ወርደው ውጤቱን ያበላሹታል። አንዱ ተማሪ የመረቡን አፍ ወደ ወራጁ አዙሮ ከወለሉ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከመረቡ ፊት ቆሞ ድንጋዮቹን በቦት ጫማው ለ2 ደቂቃ ያገላብጣል፤ ሦስተኛው ሰዓት ይይዛል። ከዚያ በመረቡ የተያዘው ሁሉ ንጹሕ ውኃ ባለበት ነጭ ሳፋ ውስጥ ይገለበጥና ለ15 ደቂቃ እንለቅመዋለን። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ስንሄድ መረቡን ገልብጠን እናጥባለን።

ለነጥብ አሰጣጡ የተጠቀምንበት ለደቡብ አፍሪካ ወንዞች የተዘጋጀውን ሳስ 5 የተባለ ዘዴ ነው። ዘዴው ለእያንዳንዱ የእንስሳት ቤተሰብ ብክለትን የመቋቋም አቅሙን እያየ ከ1 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል፤ ብክለት የማይችለው ከፍተኛውን፣ ሁሉን የሚችለው ዝቅተኛውን ያገኛል። የተገኙት ቤተሰቦች ነጥብ ተደምሮ ለቤተሰቦቹ ብዛት ሲካፈል አማካዩ ይወጣል። ለአገራችን ከፍተኛ ቦታ ጅረቶች በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ኢት-ባዮስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ ቢኖርም ሙሉ ሠንጠረዡ በእጃችን አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሮቻችን ጅረቷ በአገር ደረጃ የት እንደምትመደብ ለመፍረድ አያገለግሉም፤ የምንጠቀምባቸው ሦስቱን ጣቢያዎች እርስ በርስ፣ አንዱንም ወር ከሌላው ወር ጋር ለማነጻጸር ነው።

በላይኛው ጣቢያ 11 ቤተሰቦች ተገኙ። ከሁሉም ያስደሰተን ሄፕታጄኒዴ የሚባለው ነው፤ ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ በላይ የተቀመጡ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ማኅተም ተለጥፎ ፈጣን ውኃ የሚቋቋም የኢፌመሮፕቴራ (እጫቸው በውኃ የሚያድግ፣ ክንፍ ካወጡ በኋላ ግን ብዙ የማይቆዩ ነፍሳት) እጭ ሲሆን 13 ነጥብ አለው። ከዚያው ወገን የሆኑት ሌፕቶፍሌቢዴ 9፣ ባይቲዴ (ሁለት ዓይነት) 6፣ ኬኒዴ 6፤ ከሌሎቹ ደግሞ ኤልሚዴ የሚባሉት ጥቃቅን የውኃ ጥንዚዛዎች 8፣ ኤሽኒዴ የተባለው የውኃ ተርብ እጭ 8፣ የጥቁር ዝንብ እጭ 5፣ በውኃ ፊት የሚሽከረከሩት ጥንዚዛዎች 5፣ መረብ ዘርግቶ ምግቡን የሚያጠምደው ሃይድሮፕሲኪዴ 4፣ ሸርጣን 3፣ ትንኝ የሚመስሉ ግን የማይነክሱ ዝንቦች እጭ የሆነው ኪሮኖሚዴ 2። ድምሩ 69፣ አማካዩ 6.3 ገደማ ነው።

በመካከለኛው ጣቢያ 10 ቤተሰቦች፣ ድምር 38፣ አማካይ 3.8 ሆነ። ሄፕታጄኒዴም ሌፕቶፍሌቢዴም የሉም፤ አልቅትና ቀንድ አውጣ ተጨምረዋል።

የታችኛው ጣቢያ ሳፋ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየን። ደም የመሰሉ ቀይ የኪሮኖሚዴ እጮችና ቀጫጭን ትሎች ውኃውን ሞልተውታል፤ ከእነርሱ ጋር የትንኝ እጭ፣ የፍሳሽ ዝንብ እጭ፣ አልቅት፣ ቅርፊቱ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ቀንድ አውጣና አንድ ዓይነት ባይቲዴ ተገኙ። ቤተሰቦቹ 7፣ ድምሩ 15፣ አማካዩ 2.1 ነው። ተማሪዎቹ የእንስሳቱን ብዛት ዓይተው «እዚህ ሕይወት በዝቷል እኮ፣ መምህር» አሉኝ። እውነት ነው፤ በቁጥር ከሦስቱም የሚበልጠው ይህ ጣቢያ ነው። እነማን እንደሆኑ ስንመለከት ግን ነገሩ ይገለጣል። ቀዮቹ እጮች ቀይ የሆኑት በሄሞግሎቢን ምክንያት ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ይዘው ለማቆየት ይረዳቸዋል። የትንኝና የፍሳሽ ዝንብ እጮች ደግሞ ከውኃው በላይ ካለው አየር ይተነፍሳሉ፤ ውኃው ኦክስጅን ቢያጣ ግድ የላቸውም። በዚያ የተረፉት እንግዲህ በውኃው ውስጥ ብዙ የሟሟ ኦክስጅን ያላስፈለጋቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ባይቲዴ ከላይ በወራጁ ተወስደው የመጡ ይመስሉኛል።

ይህ የኦክስጅን ጉዳይ በእኛ አካባቢ ይበልጥ የጠበበ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሆነ ውኃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 1,900 ሜትር ገደማ በሚደርሰው የሐረር ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ያው ውኃ የሚይዘው ከ7.5 ሚሊ ግራም በታች ነው። ፍሳሹን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች የሚሻሙት ከዚህች ላይ ነው።

ኅዳር 14

በወሩ ናሙና ላይ የደረሰውን ሳልሸሽግ መጻፍ አለብኝ። ያልለየናቸውን እጮች 70 በመቶ በሆነ አልኮል ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጠን፣ የጣቢያውን ስም በእስክሪብቶ ጽፈን ወረቀቱን ከውስጥ ከትተን ነበር። ዛሬ ስንከፍታቸው አልኮሉ ቀለሙን አሟሙቶት የትኛው ብልቃጥ የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ የሚለይ አልተገኘም። ገምተን መመደብ እንችል ነበር፤ ቀዩን እጭ የያዘው የታችኛው እንደሚሆን ማንም ይገምታል። ነገር ግን ልናረጋግጠው የተነሣነውን ነገር አስቀድመን አምነን መረጃውን በእምነታችን መሠረት መደልደል ስለሚሆንብን፣ የኅዳር ብልቃጦች ከመዝገቡ ወጥተዋል፤ የቀረን በሜዳ ላይ የተለየው ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ መለያው የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ እርሳስ በአልኮል አይለቅም።

እጫቸው በወራጅ ውኃ ከድንጋይ ሥር ስለሚኖረው ፕሌኮፕቴራ ስለሚባሉት ነፍሳትም ክርክር ነበር። ተማሪዎቹ ያገኙት የአውሮፓ መለያ መጽሐፍ ንጹሕ ጅረት በፕሌኮፕቴራ እጮች ይታወቃል ስለሚል፣ በላይኛው ጣቢያም አንድ እንኳ አለመገኘቱ አሳስቧቸዋል። በሞቃታማው አፍሪካ ግን ይህ ወገን በአብዛኛው በአንድ ጂነስ (ከቤተሰብ የሚያንስ የዝርያዎች ስብስብ)፣ በኒዮፐርላ፣ ብቻ የሚወከል በመሆኑ፣ አለመገኘቱ የብክለት ማስረጃ አይሆንም። የሌላ አገር መለኪያ ሲወሰድ መለኪያው በዚያ አገር ምን ያህል እንስሳ እንዳለ የሚያስበውን ግምት ጭምር ይዞ እንደሚመጣ መታወቅ አለበት።

ታኅሣሥ 19

ውኃው በጣም ቀንሷል። በመካከለኛው ጣቢያ ድንጋዮቹ ጫፋቸው ወጥቶ ደርቋል፤ ወራጁ ከሁለት ክንድ የማይሰፋ ሆኗል። አማካዩ ከ3.8 ወደ 3.4 ወረደ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ «ብክለቱ ጨምሯል» ብለው ሊጽፉ ሲሉ አስቆምኳቸው። የላይኛው ጣቢያም በዚያው ቀን ከ6.3 ወደ 5.9 ወርዷል፤ በዚያ ግን ከምንጩ ሌላ የሚገባ ነገር የለም። የወራጅ ውኃ ነዋሪዎች ወራጁ ሲሳሳ መኖሪያቸውን ያጣሉ፤ ይህ ድርቀት ነው እንጂ ፍሳሽ አይደለም።

የእነዚህ ነጥቦች ዘዴዎች በብዛት የተፈተኑት ዓመቱን ሙሉ በሚፈስሱ ወንዞች ላይ ነው። የምሥራቁ አገር ጅረት ግን በበጋ ይሳሳል፣ በበልግና በክረምት በጎርፍ ይታጠባል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚገኘው ዝቅተኛ ነጥብ ከብክለት ነጥብ ጋር ሲታይ ይመሳሰላል። ስለዚህ ለራሳችን አንድ ሕግ አወጣን፤ የመካከለኛውም የታችኛውም ጣቢያ ቁጥር ብቻውን አይነገርም፤ በዚያው ቀን ከተወሰደው የላይኛው ጣቢያ ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ነው የሚነገረው። የመካከለኛው ልዩነት በጥቅምት 2.5 ነበር፣ ዛሬም 2.5 ነው። ከመካከለኛው ጣቢያ በላይ የተለወጠ ነገር የለም ማለት ነው።

ጥር 17

ዛሬ ሕጋችን ሥራውን ሠራ። የላይኛው ጣቢያ 5.8 አገኘ፤ ከታኅሣሡ እምብዛም አልራቀም። በመካከለኛው ግን ከኢፌመሮፕቴራ ወገን አንድም እጭ አልተያዘም፤ ሃይድሮፕሲኪዴም የጥቁር ዝንብ እጭም የሉም። አማካዩ 2.6 ሆኖ ልዩነቱ ወደ 3.2 ሰፍቷል። የገረመኝ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ነው፤ ትሎች፣ አልቅቶችና ቀንድ አውጣዎች ቁጥራቸው ሳይነካ በቦታቸው አሉ። ውኃው ኩልል ያለ ነው፤ አይሸትም፤ በድንጋዮቹ ላይ የፍሳሽ ልጋግ አልተጋገረም። ኦክስጅን የሚያሳጣ ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ በታችኛው ጣቢያ የምናውቀው ቀይ እጭ በዚህም በበዛ ነበር። ነፍሳትን ለይቶ ገድሎ ትሉንና ቀንድ አውጣውን የሚተው ነገር ሲኖር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የተባይ ማጥፊያ መርጨት ነው።

ከማሳው ዳር የነበሩትን አዛውንት ሰላምታ ሰጥተን ጠየቅናቸው። ጫቱን ባለፈው ሳምንት እንደረጩት፣ የመርጫውንም ታንክ ከጅረቷ እንዳጠቡ ሳይደብቁ ነገሩን። «አባባ፣ መድኃኒቱ ምን ይባላል?» ብንላቸው፣ ከገበያ በላስቲክ ተከፍሎ የተሸጠ ስለሆነ ጽሑፍ እንደሌለው ነገሩን፤ ቀጥለውም «መምህር፣ ከብቶቼ ይጠጡት ወይስ አይጠጡት? እርሱን ንገረኝ» አሉኝ። መመለስ የምችለው በልኩ ነበር። እጮቹ አንድ ነገር እንደደረሰ ይናገራሉ፤ የነገሩን ስምና መጠን አይናገሩም፤ ለዚያ የቤተ ሙከራ ምርመራ ያስፈልጋል። ሆኖም ታንኩን ከጅረቷ ርቀው ደረቅ መሬት ላይ እንዲያጥቡ፣ በረጩበት ሰሞንም ከብቶቹን ከማሳው በላይ እንዲያጠጡ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉኝ። በዚህ ቀን የተሰማኝን ጭንቀት ልጽፈው እወዳለሁ፤ በመረብ ያገኘነው ነገር ለአንድ ሰው የዕለት ውኃ ነው።

ስናመሽ ግን የአመራረጣችን ጉድለት ታየኝ። የመካከለኛው ጣቢያ ከጫት ማሳውም ከልብስ ማጠቢያውም በታች ነው። በጥቅምት የጎደሉት ቤተሰቦች በሳሙናው ይሁን በመርጫው ምክንያት ከዚህ ጣቢያ ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም።

የካቲት 29

ረመዳን ስለሆነና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ስለሚጾሙ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወርደን ፀሐዩ ሳይበረታ ተመለስን። በመካከለኛው ጣቢያ ባይቲዴ ተመልሷል፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። በታችኛው ለውጥ የለም።

ሚያዝያ 4

ከትናንት በስቲያ የበልጉ ዝናብ በአንድ ሌሊት ወርዶ ጅረቷ ሞልታ አድራለች። ወለሉ ተገልብጧል፤ ምልክት ያደረግንባቸው ድንጋዮች የሉም። በላይኛው ጣቢያ በ2 ደቂቃ የተያዘው አንድ ሸርጣን፣ ጥቂት ባይቲዴና ኪሮኖሚዴ ብቻ ነው፤ አማካዩ 3.0 ነው። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ምንጩ ተበክሏል ይላል። በታችኛው ጣቢያ ደግሞ ጭቃው ከነቀያዮቹ እጮች ታጥቦ ስለሄደ አማካዩ 2.8 ሆኖ «የተሻሻለ» ይመስላል። ልዩነቱ 0.2 ብቻ! ጎርፍ ጥሩውንና መጥፎውን ቦታ እኩል ስለሚያጥብ፣ የዛሬውን ናሙና ስለ ጎርፉ እንጂ ስለ ጥራት አንጠቅሰውም።

አንድ ተማሪ ይህን ሥራ በድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ላይ እንድገመው ሲል ጠየቀ። ዘመዶቹ በዚያ ስለሚኖሩ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በደቻቱ የወረደውንና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውን ጎርፍ ከቤተሰቡ ሲሰማ ነው ያደገው። ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለሆነ በልኩ መልስ ሰጠሁት። ደቻቱ በከተማው ውስጥ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዘዴያችን የሚቆጥረው በወለሉ ላይ ለሳምንታት የሰነበተን ነዋሪ ሲሆን፣ ውኃው የማይሰነብትበት ወለል ነዋሪ የለውም። ለዚያ ቦታ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

ሚያዝያ 18

ሳንቆጥር ለመመልከት ብቻ ወደ ላይኛው ጣቢያ ወጣን። ድንጋዮቹ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን ጀምሯል። ቀድመው የተመለሱት ባይቲዴና የጥቁር ዝንብ እጮች ናቸው፤ ዕድገታቸው ፈጣን ከመሆኑም በላይ ከላይ በወራጁ እየተወሰዱ ባዶ ቦታ ይይዛሉ። ሄፕታጄኒዴ ገና ነው።

ግንቦት 9

ከጎርፉ በኋላ አምስት ሳምንታት ሆኑ፤ በመካከሉ ሌላ ከባድ ጎርፍ አልነበረም። በላይኛው ጣቢያ 9 ቤተሰቦች፣ አማካይ 5.9፤ ሁለት ሄፕታጄኒዴ ከአንድ ድንጋይ ሥር ተገኙ። በመካከለኛው 3.5፣ በታችኛው 2.0። የመካከለኛው ልዩነት 2.4 ነው፤ ወደ ጥቅምቱ ተመልሷል። ከዚህ ተነሥተን ከከባድ ጎርፍ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንታት ሳያልፉ ናሙና ላለመውሰድ ወሰንን።

ማጠቢያው ድንጋይ ላይ የነበሩ አንዲት እናት ሳፋችንን ጎንበስ ብለው አዩና ከሳፋው የነበሩት ትሎች ከልብሱ ጋር ወደ ቤት ይገቡ እንደሆነ ጠየቁን። «እማማ፣ ልብስ ላይ አይኖሩም፤ ከወራጁ ሲወጡ ይሞታሉ» አልናቸው፤ እጃቸውን በሳፋው ውኃ ውስጥ እንዳይከቱም አደራ አልናቸው።

አራተኛው ጣቢያ ዛሬ ተመረጠ። ከጫት ማሳው በታች፣ ከማጠቢያው ድንጋይ 40 ሜትር ያህል በላይ ነው፤ ወለሉ ከሌሎቹ ጋር ይመሳሰላል። ጎርፍ እንዳይወስደው ምልክቱን ከጅረቷ ዳር ባለው ትልቅ አለት ላይ በነጭ ቀለም አድርገናል። የሚመጣው ጥቅምት ናሙና ከታች ወደ ላይ በአራቱም ጣቢያዎች ይወሰዳል።